ከድንኳኑ ሥር የነበሩት ሞተሮች

በዕድሜዬ ያገኘሁት ሹመት ሁለት ነው። አንደኛው የውኃ ቆጣሪ አንባቢነት ነበር። ናዝሬት በዚያን ዘመን ከቧንቧዋ ከውኃ ይልቅ አየር ይወርድ ስለነበር፣ ለመንግሥት አንብቤ ያስገባሁት አብዛኛው የአየር ሒሳብ ነው። ሁለተኛው የሰፈራችን እድር የዕቃ ቤት ጠባቂነት ነው። የቀድሞው ጠባቂ ሲያርፍ፣ ራሱ ሲጠብቀው በኖረው ድንኳን ለቅሶውን ተቀምጠን ስናበቃ፣ የእድሩ ዳኛ ቁልፉን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ።

"አንተ ያዘው፤ ቁመትህ ከጣሪያው ጋር አያጋጭህም" አሉኝ።

ሌላ መመዘኛ አልነበረም።

ዕቃ ቤቱ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ከውስጡ ድንኳኑ፣ ቋሚዎቹ፣ አግዳሚዎቹ፣ ድስቱና ቃሬዛው አሉ። የእድራችን ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነበር፤ ዕቃ የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ለሠርግ የሚሆን ድንኳን የፈለገ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይለምን። ስለዚህ የዚያ ቤት በር በጠዋት ተከፍቶ ድንኳኑ ደጅ ላይ ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል።

በተሾምኩ ሰሞን ምን እንዳለ ለማየት ብቻዬን ገባሁ። ከጥግ፣ አይጥ የበላው አሮጌ ድንኳን እንደ ግመል ሻኛ ተቆልሎ አገኘሁ። ጫፉን ገለጥ ሳደርግ አንድ ትልቅ ክብ የመስታወት ዓይን አፍጥጦ ያየኛል። በእድር ዕቃ ቤት ውስጥ የሚያፈጥ ነገር ስታዩ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ ሞተር ሳይክል አይደለም። ለሚስቴ "ተረጋግቼ አየሁት" ብያታለሁ። እናንተ ግን እውነቱን እወቁ፤ ቃሬዛው ጠልፎኝ በአፍጢሜ ተደፋሁ።

ከወደቅሁበት ተነሥቼ ድንኳኑን ስገፍፈው ሦስት ሞተሮች ናቸው። አንዱ ጎኑ ላይ ጋሪ የተቀጠለለት ነው፤ ጋሪው ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። ሁለተኛው ጥቁር፣ ቀጭን፣ እንደ ቆሎ ተማሪ የከሳ። ሦስተኛው ግን ሌላ ነበር። ቀይ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ የቤንዚን ጋኑ ረዝሞ የተኛ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ። የእሽቅድምድም ሞተር መሆኑን እኔ እንኳ ያወቅሁት ሳይነግሩኝ ነው። ጎማው እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል፤ የኮርቻው ቆዳ ቋንጣ ሆኗል፤ ካቴናው በዝገት አንድ ላይ ተጣብቋል። ቢሆንም ያምር ነበር። ቆሞ የሚሮጥ ነገር አይቼ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሞተር ወዳጅ ነኝ። በሕይወቴ ግን ከብስክሌት በላይ የሚሮጥ ነገር ኖሮኝ አያውቅም፤ ብስክሌቱም የማዘጋጃ ቤት ነበር። ግራ ቀኙን አየሁና ወጣሁበት። እግሬ መሬት አልደረሰም። መሪውን ጨበጥሁ፣ ጎንበስ አልሁ፣ በአፌ "ድድድድ" ማለት ጀመርሁ። ማርሽ ሁሉ ቀየርሁ።

"ቀስ ብለህ ታጠፍ" አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፤ "የሶደሬ መንገድ ጠመዝማዛ ነው።"

ስዞር ያየሁት ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት የሚኖረውን መካኒክ ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በጓደኝነት ግን እኩያዬ ነው። የቀለደው ቀልድ ፊቱ ላይ አልነበረም። በሩን ከውስጥ ዘጋው።

"ለማን ነገርህ?"

"አሁን ለማን ልንገር? ገና ሶደሬ አልደረስሁም።"

"ውረድ።"

ለመውረድ እሱ ብብቴን ይዞ ማውረድ ነበረበት። ከዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነገሩን አወጋኝ። በልጅነቱ ናዝሬት ውስጥ ጋራዥ ከነበረው ጣልያን ዘንድ ነው ሙያውን የተማረው። ጣልያኑ በቀዩ ሞተር እስከ ላንጋኖ ድረስ በኮረት መንገድ ይበር ነበር፤ ሲመለስ ከጥርሱ በቀር ሁሉም ነገሩ አቧራ ነው። አገሩ ሲገባ ጋራዡንም ሦስቱን ሞተሮችም ለእሱ ትቶለት ሄደ። እንደዚያ ያለ ቀይ ሞተር አገር ውስጥ ሌላ መኖሩን እንደሚጠራጠር ነገረኝ። ኋላ የሰው ቤትና ጋራዥ ሲወረስ፣ መዝጋቢዎቹ ከመድረሳቸው በፊት እሱ፣ ዳኛውና ሟቹ ጠባቂ ሆነው ሞተሮቹን እየገፉ እዚህ አስገቧቸው፤ ድንኳን ጣሉባቸው።

"የሞት ዕቃ ማን ይፈትሻል?" አለኝ።

እውነቱን ነው። መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲታሰስ፣ የጤፍ ማድጋ ሳይቀር ሲገለበጥ፣ ያን ድንኳን የነካ አልነበረም። እግዜር የለም ብለው የሚሰብኩን እንኳ እድሩ ላይ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አውልቀው ያልፉ ነበር። እሱም በበኩሉ ፈርቶ ዓመታት ሙሉ ሳያያቸው ኖረ። አሁን ዝገቱን በመዳፉ ይዳብስ ጀመር።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በሩን ከውስጥ ዘግተን ጥገና ጀመርን። ጥገና ጀመርን ስል እሱ ይጠግናል፣ እኔ ፋኖስ ይዤ አወራለሁ። ካንዴላውን ነቅሎ በላምባ ያጥባል፤ ፒስተኑ እንዲላቀቅ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ካርቡራቶሩን ፈታትቶ በዶሮ ላባ ይጠርጋል። ሚስቱ፣ እትዬ የምላት፣ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነች። አንድያ ልጃቸው ኳስ ሊያይ በወጣበት ከሜዳው ተለቅሞ ብሔራዊ ውትድርና ከገባና ወደ ሰሜን ከተላከ ወዲህ፣ እትዬ ከኪዳን ቀርታ አታውቅም። መጀመሪያ ላይ ከልጁ ወሬ ይመጣ ነበር፤ በኋላ ጠፋ። ከዚያ ግንባር ስለ ማንም ወሬ አይመጣም ነበር። መንግሥት ልጅ ሲወስድ በጡሩምባ ነው፤ ሲሞትበት ግን ዝም ይላል።

"አንተስ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም?" አልሁት አንድ ቀን።

"እኔ ጸሎት አልችልም" አለኝ፤ "ካንዴላ ነው የማጸዳው።"

አልቀለድሁበትም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀዩ ሞተር ጎማ ተገኝቶለት፣ ቤንዚን ጠብ ተደርጎለት፣ ሊሞከር ደርሶ ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር ዳኛውን አስጠራቸው። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚያስቀምጥበት ስለጠበበው የእድሩን ዕቃ ቤት እንፈልገዋለን፤ በዚህ ሰሞን መጥተን እናየዋለን አላቸው። የተወረሰ ንብረት መደበቅ በዚያን ጊዜ ምን እንደሚያስከትል መካኒኩ ያውቃል። ደራ ላይ ገበሬ ወንድም አለው፤ ሞተሮቹን በፈረስ ጋሪ ጭነን፣ ገለባ አልብሰን፣ ወደ ወንድሙ ጎተራ ልናወጣቸው ተስማማን። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ በጠዋት፣ ሰው ኪዳን ላይ ሳለ እንዲሆን መካኒኩ ወሰነ። የቀበሌ ሰዎች ቅዳሜ በውይይት አምሽተው እሑድ አይነቁም። ለሰፊው ሕዝብ ንቃት የሚሰጥ ሰው ለራሱ አይተርፈውም።

ሁሉም ነገር ታስቦበታል። አልታሰበበትም የምለው አንድ ነገር ነው።

ሞተሮቹ ከጥግ ስለሆኑ እነሱን ለማውጣት ከፊታቸው ያለው ሁሉ መውጣት ነበረበት። ድንኳኑን አውጥተን ደጅ ላይ ከመርነው። ቋሚዎቹን ከጎኑ ደረደርን። አግዳሚዎቹን አወጣን። ለመግፋት እንዲያግዙን ዳኛውና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። እንግዲህ አስቡት፤ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ልጇ ግንባር ከሄደባት እናት በር ፊት ለፊት፣ ድንኳን ወጥቶ፣ የእድር ዳኛ ቆሞ፣ ሽማግሌዎች በሹክሹክታ ያወራሉ። ይህን ለማንም ያገሬ ሰው አሳዩትና ምን እንደሆነ ጠይቁት። መርዶ ነው ይላችኋል። መርዶ የሚረዳው በጠዋት ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ድንኳን ተዘጋጅቶ። ባለ ሐዘኗ "ምን ሆናችሁ?" ስትል ሁሉም "ምንም የለም፣ ግቢ" ይላታል። ለስንቱ ሰው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድንኳን መርዶ ያረዳን ሰዎች፣ ቀበሌውን ብቻ እያሰብን ይህን ረሳነው። ፀጉራችን በሙሉ ሽበት ነበር፤ ከሥሩ ምን እንደነበር እንጃ።

እትዬ ከኪዳን ተመለሰች። ከመንገዱ ጥግ ስትታጠፍ አየኋት። ድንኳኑን አየች። ዳኛውን አየች። ከዚያ ገና ተኝቷል ብላ ትታው የሄደችውን ባሏን፣ እጁ ዘይት ለብሶ ከሽማግሌዎቹ መካከል ቆሞ አየችው።

እሱ ደነገጠና ወደ እሷ ሮጠ። "ምንም የለም! ምንም አልሆነም፣ ግቢ!" አላት።

ከዓለም ቃል ሁሉ መርጦ ይህንን።

"ልጄን!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

የናዝሬት ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ያን ጩኸት እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም። በሮች ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ባዶ እግሩን እየሮጠ መጣና በቁጣ አፈጠጠብኝ። "ያለ እኔ ነው እንዴ ሰው የምትቀብሩት?" ሞተሮቹን ሊጭን የመጣው የደራው ባለጋሪ "አካም ቡልተኒ" ብሎ በኦሮምኛ ደህና አደራችሁ ሊለን አፉን ከከፈተ በኋላ ለቅሶውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ፈረሱን ትቶ ከወንዶቹ ጋር አንገቱን ደፍቶ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ማንም እንዳልሞተ በእርግጥ ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ እኔ ነበርሁ። እኔም አለቀስሁ። የሚለቀስበት ቦታ ላይ ቆሜ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

"አልሞተም እላችኋለሁ!" ይላል መካኒኩ፤ "በሕይወት አለ!"

"ማን ነገረህ?" ትለዋለች ከመሬት።

"ማንም!"

"እንግዲያ ድንኳኑ ለምን ወጣ?"

እሱ ወደ ዕቃ ቤቱ በር ዞሮ አየ። በዚያው ቅጽበት ሊቀመንበሩ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ታጣቂዎች አስከትሎ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ ደረሰ።

"ማነው የሞተው?" አለ። የሚመልስለት ሲያጣ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ግንባር ያለ ጓድ ሞተ ብሎ ወሬ የሚነዛው ማነው?"

ዳኛው ብልህ ሰው ነበሩ። ወደ መካኒኩ ተጠግተው በጆሮው ሲነግሩት ሰማኋቸው። "የደራዋ አክስቴ ሞቱብኝ በል። ለቅሶ እንቀመጥና ሰውየው ይሂድልን። ሞተሮቹ ይተርፋሉ። ለእሷ ማታ ቤት ገብተህ እውነቱን ትነግራታለህ።"

መካኒኩ ሚስቱን አየ። ሴቶቹ እጇን ይዘዋታል፤ ጉንጯን ቧጥጣ ደም ይታያል።

"እስከ ማታ?" አለ። "እስከ ማታ ልጄን ሞቶ ላቆየው?"

ዞረና ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገባ። ማንም ሳያግዘው ቀዩን ሞተር ብቻውን እየገፋ አወጣው፤ በሕዝቡ መካከል፣ በሊቀመንበሩ ፊት፣ እስከ እሷ ድረስ። "ይኸውልሽ! ይኼን ልናወጣ ነው! ለዚህ ነው ድንኳኑ የወጣው!" አላት። ከዚያ የማስነሻውን መርገጫ ረገጠ። አልነሣም። ደግሞ ረገጠ። ሞተሩ ሳለ፤ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፤ ከዚያ ተነሣ።

ያን ድምፅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኔ በአፌ ካደረግሁት ጋር ምንም አይገናኝም። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። የባለጋሪው ፈረስ ጋሪውን እየጎተተ ወደ ገበያው በረረ፤ ባለቤቱ ከኋላው። ለቅሶው ቀጥ አለ። መካኒኩ ጋዙን ይሰጣል፣ ሚስቱን ያያል፤ ይሰጣል፣ ያያል። እሷም ሞተሩን አየች፤ ከዚያ እሱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"አጥፋው" አለ ሊቀመንበሩ።

ሞተሮቹ በዚያው ቀን ወደ ቀበሌ ግቢ ተገፉ። መካኒኩ አሻጥረኛ ተብሎ ታሰረ። እኔንም ጠየቁኝ። "የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሆነህ ሳለ ሞተር መኖሩን አታውቅም?" ሲሉኝ "ጓዶች፣ እኔ የማነበው ቆጣሪ ያለውን ነገር ብቻ ነው" አልኋቸው። በጥፊ ተመለሰልኝ። ጥርሴ ይነቃነቅ ስለነበር የሐኪም ዋጋ ቀረልኝ። እኔን ቶሎ ለቀቁኝ፤ እሱ ከረመ።

እትዬ ስንቅ ይዛለት ስትመጣ ጥቁር ለብሳ ነበር። ከእስር ስወጣ በቀጥታ ቤቷ ሄድሁ። በገብርኤል ማልሁላት፤ ማንም መርዶ አላመጣም፣ ድንኳኑ የወጣው ሞተሮቹን ለማሸሽ ነው ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት።

"አንተ ዕድሜህን በሙሉ ቀልደህብናል" አለችኝ፤ ያለ ቁጣ። "አሁን ምን ብዬ ልመንህ?"

"እኔን ተዪኝ። ባልሽን እመኚ። ላንቺ ብሎ አይደለም ወይ ሞተሮቹን ያጣው?"

"ባሌን አውቀዋለሁ" አለችኝ። "ለእነዚያ ብረቶች ነፍሱን ይሰጣል። ያን ያህል ዘመን ከእኔ እንኳ ደብቆ ያኖራቸውን፣ መንግሥት እያየ በገዛ እጁ የሚያወጣቸው ለምንድነው? የሚያስቀምጥለት ልጅ ስለሌለው ነው።"

 ሰውየው ያለውን ሁሉ ለማስረጃ አቀረበ፤ ማስረጃው በራሱ ላይ መሰከረ።

ሞተሮቹን በአብዮት በዓል ዕለት ባንዲራ ሰክተውባቸው በሰልፍ አሳለፏቸው። የሚያስነሣቸው ስለጠፋ የሚገፏቸው ሰዎች ነበሩ። መካኒኩን ጠርተው ቀዩን አስነሣ ቢሉት "ፒስተኑ ነክሶ ተጣብቋል፣ አይነሣም" አላቸው። ከዚያ በኋላ በቀበሌው ግቢ ፀሐይ ላይ ቀሩ። ጋሪው ውስጥ ዶሮ ታቀፈች፤ ኮርቻውን ፍየል በላው። መካኒኩ ከእስር ሲወጣ በተወረሰው በገዛ ጋራዡ ደመወዝተኛ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ በዚያ በኩል ሲያልፍ አንገቱን አያዞርም።

ቤታቸው ግን ከዚያ የባሰ ሆነ። እሷ ለልጇ ነፍስ ታስጸልያለች፤ እሱ ለልጁ ጤና ይሳላል። የንስሐ አባታቸው የትኛውን እንደሚያደርሱ ግራ ገባቸው። እድሩ ሲሰበሰብ ጥቁሯን ለብሳ ትመጣና "ለልጄ ድንኳን ትከሉልኝ፣ እርሜን ላውጣ" ትላለች። የእድሩ ሕግ ሞትን የሚያስታውቀው አባወራው ነው ይላል። እሱ ይነሣና "ልጄ አልሞተም" ይላል። ቁጭ ይላል። ሁለቱ አብረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። በየስብሰባው እንዲሁ ነበር። እኔ ከዚያ በፊት ስብሰባ ላይ የማላስቅበት ቀን አልነበረም።

ደርግ ወደቀ። ወታደሩ ተበትኖ፣ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በናዝሬት በኩል ይጎርፍ ጀመር። ከየሰፈሩ እናቶች መንገድ ዳር ወጥተው የልጃቸውን መልክ ይፈልጉ ነበር። ከእኛ ሰፈር ይህች እናት አልወጣችም፤ አባትየው ወጣ። እኔም አብሬው ቆምሁ፤ ከፊቴ ሰው በቆመ ቁጥር የማየው ጀርባ ቢሆንም። ያለፈውን ሁሉ ይጠይቃል። አንዱ ተማርኳል አለው። አንዱ ሱዳን ገብቷል አለው። አንዱ ውኃ ለመነውና ጠጥቶ ሲያበቃ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አላውቅም አለው። ክረምቱ ገባ። የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። እሱ ግን የሚመጣ ከጠፋም በኋላ በዝናብ ይወጣ ነበር።

አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳ።

"ቁልፉን ይዘህ ና" አለኝ።

"ማን ሞተ?"

"ልጄ።"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም።" ውኃ ከባርኔጣው ይንጠባጠብ ነበር። "እሷ ብቻዋን እስከ መቼ ታልቅስ?"

ዳኛውን ጠራን፤ ሽማግሌዎቹን ቀሰቀስን። ድንኳኑን አውጥተን ደጃቸው ላይ መትከል ጀመርን። ጡሩምባ ነፊው በዚህ ጊዜ በሁለቱም እግሩ ጫማ አድርጎ መጣ፤ ሆኖም አልነፋም፣ ጡሩምባውን ይዞ ቆመ። ቋሚው ቆሞ ሸራው ሲወጠር እትዬ ከቤት ወጣች። ለዓመታት የለመነችው ነገር ነው፤ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ድንኳኑን አየች፤ ከሥሩ አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ባሏን አየች። ፊቷ ላይ በሞተሩ ቀን እንኳ ያላየሁት ድንጋጤ መጣ። ሄዳ ኮሌታውን ያዘችው።

"አንተም?" አለችው። "አንተም ተውከው?"

 ሸራውን ዝናብ ይመታዋል። እኔ የድንኳኑን ገመድ እንደያዝሁ ቀረሁ፤ ላጥብቀው ወይስ ልፍታው የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።